የተማረ ሰው ጭቃ ቢረግጥ ምን ነውር አለው?

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በደጋው አገራችን ከየቤቱ የሚሰማ አንድ የተለመደ ንግግር አለ፤ እርሱም «ቤቱ አፈሰሰ፤ ሰው ፈልጉ» የሚል ነው። የሚፈለገው ሰው ግን ወይ በሌላ ሥራ ተይዟል፣ ወይ ዋጋው ከባለቤቱ አቅም በላይ ነው፣ ወይም በዝናብ ጣራ ላይ አልወጣም ይላል። በዚህ መካከል ውኃው በቀዳዳው እየገባ ግድግዳውን ያርሳል፤ የራሰው ግድግዳ ያብጣል፤ ያበጠውም አንድ ቀን ይናዳል። በዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ ስለ ኃይልና ስለ ግፊት፣ ስለ ማዕዘንና ስለ ስፋት ተምሮ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ተቀምጦ የሚንጠባጠበውን ውኃ በባልዲ ይቀበላል።

ውድ አንባቢዎች፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነገር ነው። አስተያየቴም አጭር ነው። በዚህ ትምህርት ቤት የሚማር ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የቤቱን ጣራ፣ ግድግዳና ወለል በገዛ እጁ መጠገን ሳይለምድ ትምህርቱን ጨረሰ ሊባል አይገባውም እላለሁ።

ለመሆኑ የማንጠግነው ስለማንችል ነውን? አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የምንተወው ስለምናፍር ነው። ደብተር የያዘ እጅ ጭቃ ሲነካ የወረደ ይመስለናል። ይህም አስተሳሰብ ዛሬ የተወለደ አይደለም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ሁሉ በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲህ ያለ አዋጅ ማውጣት ካስፈለጋቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ዛሬ ማንም ሰው አናጢውን ፊት ለፊት አይሰድበው ይሆናል። ነገር ግን መዶሻ ማንሣትን የምናፍር ከሆነ ስድቡ ከአፋችን ወጥቶ በልባችን ቀርቷል ማለት ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ቤታቸውን ይሠሩ የነበረው ራሳቸው ናቸው። የመንዝ ሰው እንጨት በማይገኝበት ውርጫም ደጋ ላይ ድንጋዩን እየካበ ወፍራም ግድግዳ አቆመ፤ በጭቃም መረገው፤ ጣራውን በጓሳ ሣር ከደነው። ይህ የጓሳ ሣር ለክዳን ብቻ ሳይሆን ለገመድ፣ ለመጥረጊያና እረኛው ዝናብ ለሚከላከልበት ጌሳም ያገለግላል። በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ መሬት እስከ ዛሬ የቆየውም ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዓመታት እየከለለ፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ተስማምቶ እያጨደ ስለጠበቀው ነው። ያ ጥንታዊ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም ሕዝቡ እንደገና ተደራጅቶ ሥፍራውን ጠብቆታል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ቤቱን ራሱ የሚከድን ሰው ክዳኑ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ የሚያውቀውንም ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የቤት ጠላት ብዙ ቢመስልም ትልቁ አንድ ነው፤ እርሱም ውኃ ነው። ውኃ ምንጊዜም ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የጣራ ጥበብ ሁሉ የሚቋጨው «ላይኛው ታችኛውን ይደርብ» በሚል አንድ ቃል ነው። ሣር የሚከድን ሰው ከክፍክፉ ጀምሮ ወደ ጉልላቱ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሣሩ በአንድ ቦታ ሲበሰብስ ከላዩ አዲስ ሣር መጣል አይበቃም፤ የበሰበሰውን አውጥቶ፣ ከበላዩ ያለውን ቀና አድርጎ፣ አዲሱን ከሥሩ መሰካት ያስፈልጋል።

የቆርቆሮ ቤትም ሕጉ ያው ነው። ብዙ ሰው ቆርቆሮ ካለበሰ በኋላ ቤቱ እንክብካቤ የማይፈልግ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ በቀን ፀሐይ ይለጠጣል፤ በሌሊት ውርጭ ይኰማተራል፤ በዚህም እንቅስቃሴ ምስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጕብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚፈስበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ከምስማሩ ራስ ሥር ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠች ክብ ጎማ ብትገባ ቀዳዳውን ትደፍናለች። በቀዳዳው ላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ቆርቆሮው ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው ይሰነጠቃልና።

ወደ ግድግዳው ስንመጣ ከጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ የግድግዳውን እግር እንዳይበላው በዙሪያው ቦይ መቅደድና ድንጋይ መደልደል ይገባል። ይህ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ስንቱን ቤት ከመፍረስ ያድን ነበር! ምርጊቱ ሲረግፍ ደግሞ አፈሩን ከጭድ ጋር አቡክቶ፣ ለቀናት እያረጠቡ መርገጥ ነው። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አስሮ ይይዘዋል። አንዳንድ ሰዎች ለማሳመር ብለው በጭቃው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ይለስናሉ። ሲሚንቶና ጭቃ ግን ጠባያቸው አይገጥምም። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ስለሆነ ይላቀቃል፤ በመካከላቸው የገባውም ውኃ መውጫ ያጣል። እንግዲህ ውዱ ነገር ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም።

ይህ ሁሉ የገንዘብና የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሕይወትም ጉዳይ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ከመንዝና ከግሼ ደጋ በታች በካራ ቆሬ አካባቢ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተነሡት ተከታታይ መንቀጥቀጦች እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነውና ይህን ልንረሳው አይገባም። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሲናወጥ ብዙውን ጊዜ የሚጐዳው የውስጡና የውጩ ፊት ተለያይተው ስለሚከፈቱ ነው። ስለዚህ ግድግዳ በሚታደስበት ጊዜ በየመካከሉ ከውስጥ እስከ ውጭ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ማስገባት፣ ማዕዘኑንም እያፈራረቁ ማያያዝ ይገባል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ በፈተና ከሚያገኘው ነጥብ የሚበልጥ ነገር ለቤተሰቡ አድርጓል።

ከዚሁ ጋር ስለ ጢስ ሳልናገር አላልፍም። ብርዱን ፈርተን ቀዳዳውን ሁሉ ስንደፍን እናቶቻችንና እኅቶቻችን በጢስ ውስጥ ዓይናቸው እየቀላ ይጋግራሉ። ከጣራው ሥር የጢስ መውጫ መክፈት ለአንድ ጐበዝ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ግን ሞት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛው ሰው ሳያውቀው ይገድለዋል። ቀዳዳ መድፈን መልካም ነው፤ የትኛው ቀዳዳ መደፈን እንደሌለበት ማወቅ ግን ከዚያ ይበልጣል።

በዚህ አስተያየት የማይስማሙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንደኞቹ «ተማሪ ጊዜውን ለትምህርቱ ያውል፤ ጥገና የአናጢና የግንበኛ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ትምህርትና ጥገና ምን አጣላቸው ብዬ እጠይቃለሁ። ግድግዳው መዝመሙን የሚያሳየው ቱንቢ ክር ላይ የታሰረ ክብደት እንጂ ሌላ ምንድር ነው? ይህንስ በፊዚክስ ክፍል ተምረነው የለምን? የጣራውን ስፋት አስልቶ ስንት ቆርቆሮ እንደሚበቃ መናገርስ ሒሳብ አይደለምን?

ሁለተኞቹ «ያልሠለጠነ እጅ ከሚጠግነው የሚያበላሸው ይበልጣል» ይላሉ። በዚህ አባባል እውነት አለበት። ስለዚህም የኤሌክትሪክ መስመር፣ ያበጠ ግድግዳና የተሰበረ ምሰሶ ለባለሙያ የሚተው ነው። ነገር ግን ምስማር ለማጥበቅ፣ ቦይ ለመቅደድና ምርጊት ለመመረግ ባለሙያ የሚጠብቅ ሰው ትንሹን ቀዳዳ ራሱ ያሳድገዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ አይደለምን? ደግሞም ሥራውን በጥቂቱ የሞከረ ሰው የባለሙያውን ድካም ያከብራል፤ ዋጋውንም ያለ ክርክር ይከፍላል፤ የሚያታልለውንም ለይቶ ያውቃል።

ሦስተኞቹ «ወለል መለቅለቅ የሴት፣ ጣራ መውጣት የወንድ ነው» የሚሉ ናቸው። ዝናቡ ግን ወንድና ሴት ለይቶ አያንጠባጥብም። ወንዱ ልጅ እበትና አመድ ቀላቅሎ ወለል ቢለቀልቅ፣ ልጃገረዷም መሰላል ላይ ወጥታ ምስማር ብትመታ ቤቱ ይደርቃል እንጂ የሚጐድል ክብር የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ በበጋው ወራት አንድ ቅዳሜ መርጠን ትምህርት ቤታችንን ራሳችን ብንጠግን ነው። የተሰበረውን ዴስክ፣ የላላውን የመስኮት ማጠፊያ፣ የተደፈነውን ቦይ ለማደስ ከመምህራኖቻችን ምክርና ጥቂት መዶሻ በስተቀር የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። ሁለተኛው፣ በወንፈል ሥርዓት አምስት አምስት ሆነን በየተራ የጓደኞቻችንን ቤት ብናድስ ነው። በተለይም ረዳት የሌላቸው አረጋውያን ቤታቸው ሳይፈስ ክረምቱን እንዲያሳልፉ ብናደርግ ትልቅ በረከት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና አንዱን ቤተሰብ ያስጨነቀው ጣራ ለአምስት ጐረምሶች የግማሽ ቀን ጨዋታ ነው።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። እባካችሁ ልጃችሁ ጭቃ ሲረግጥ ብታዩት «ተው፤ አንተ የተማርህ ነህ» አትበሉት። ይልቁንስ አባባ ድንጋዩ እንዴት እንደሚካብ፣ እማማም ጭቃው መቼ እንደሚደርስ አሳዩን። ይህ እውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈልንም፤ ያለው በእናንተ እጅ ነው። በእናንተ እጅ እንዳለ ካልተቀበልነው ቆይተን ብንፈልገውም አናገኘውም።

እናንተም ጓደኞቼ፤ ነገ ብዙዎቻችን ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባና ከዚያም ርቀን ልንሄድ እንችላለን። የት እንደምንደርስ አናውቅም፤ በምንደርስበት ሁሉ ግን ጣራ አለ፣ ዝናብም አለ። በዚህ ዓመት ክረምቱ ሳይገባ እያንዳንዳችን የቤታችንን ዙሪያ አንድ ጊዜ እንዙር፤ ቀና ብለን ክፍክፉን፣ ጎንበስ ብለን የግድግዳውን እግር እንመልከት። ከዚያም እጅጌያችንን ሰብስበን እንጀምር።