ብርሃን መቀበልና ብርሃን መምራት

ኦፕቲካል ፋይበር በትምህርት ክፍሎቻችን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሥዕል ይጠናቀቃል፦ የመስታወት ክርና በውስጡ እየነጠረ የሚጓዝ ጨረር። ሥዕሉ ለመነሻ ይበቃል፤ ሆኖም ብርሃኑ ወደ ክሩ እንዴት እንደገባ አይናገርም። በእኔ እምነት ለተመራማሪ የሚጠቅመው ጥያቄ ያለው ከደጁ ላይ ነው።

የእምብርቱ የስብረት ኢንዴክስ ከልባሱ በጥቂቱ ይበልጣል። ጨረሩ በሁለቱ ወሰን ላይ በበቂ ማጋደል ካረፈ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይንጸባረቃል፤ ለዚህም ሲገባ ከክሩ ዘንግ እጅግ መራቅ የለበትም። የሚፈቀደው ትልቁ ዘዌ ሳይን ኒውሜሪካል አፐርቸር ይባላል። 0.2 ከሆነ ዘዌው 11.5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 0.5 በሆነ የፕላስቲክ ክር 30 ዲግሪ ይደርሳል።

ተማሪ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሰፊው ይሻላል» ይላል። ሁልጊዜ አይሻልም። በየአቅጣጫው ከሚበትን ምንጭ የምንሰበስበው ብርሃን በአፐርቸሩ ካሬ ያድጋል፤ እጥፍ ብናደርገው አራት እጥፍ እንቀበላለን። ነገር ግን በቀጥታ በሚሄደውና እየነጠረ በሚዘገየው ጨረር መካከል ያለው የመድረሻ ጊዜ ልዩነትም በዚያው ካሬ ያድጋል። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤም በጎባም ካምፓስ አለውና፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ለስሌት እንውሰድ። የእምብርቱ ኢንዴክስ 1.5፣ አፐርቸሩ 0.2 የሆነ፣ ኢንዴክሱም በወሰኑ ላይ በድንገት የሚለወጥ ክር ብንዘረጋ፣ ልዩነቱ በኪሎ ሜትር 44 ናኖሴኮንድ፣ ጎባ ሲደርስ ከ600 ናኖሴኮንድ በላይ ይሆናል። በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቢት ለመላክ ለአንዱ ምት ያለን ጊዜ 100 ናኖሴኮንድ ብቻ ስለሆነ ምቶቹ ተደራርበው አይለዩም።

ለረጅም ርቀት 9 ማይክሮሜትር ገደማ እምብርት ያለው ሲንግል ሞድ ክር የተመረጠው በዋናነት ስለዚህ ነው። ደጁ ጠባብ ነው፤ አፐርቸሩ 0.14 ገደማ ነው። (በዚህ ክር ውስጥ የነጣሪው ጨረር ሥዕል ራሱ አይሠራም፤ ማዕበሉን ማስላት ግድ ይላል።) በአንጻሩ የሆድ ዕቃን ለሚያበራ ኢንዶስኮፕ የምቱ መለጠጥ ግድ አይሰጠውም፤ ለእርሱ ሰፊ ደጅ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

መሣሪያ የለም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አያሳምነኝም። የሌዘር ጠቋሚ፣ ጥቂት ሜትር የፕላስቲክ ክር፣ ፕሮትራክተርና የጨለመ ክፍል ይበቃሉ። ዓይንን ወደ ክሩ ጫፍ ከማቅረብ መጠንቀቅ እንዳለ ሆኖ፣ ተማሪው ጠቋሚውን ቀስ በቀስ እያጋደለ በሌላው ጫፍ ብርሃኑ የሚደክምበትን ዘዌ ይመዝግብ፤ የለካውንም ከአምራቹ ቁጥር ጋር ያስተያይ፤ ልዩነት ካገኘም ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ።