ከቆጠራው በኋላ

የምርጫ ነገር ሲነሣ ሁላችንም የምንጠይቀው ማን አሸነፈ ብለን ነው። እኔ ግን ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት ቆጠራው ካለቀ በኋላ በአንድ ሰፈር አብረው ስለሚኖሩት አሸናፊና ተሸናፊ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። በዕረፍት ጊዜ ወደ ዳንግላ ስመለስ፥ በሰፈራችን አበ ልጅ የሆኑ ሁለት ሽማግሌዎች ሰላምታ ተነፋፍገው አገኘኋቸው። ምክንያቱን ብጠይቅ፥ ለየፓርቲያቸው ሲከራከሩ ክፉ ቃል ተለዋውጠዋል አሉኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እንዲሉ፥ አንዳቸውም ቃላቸውን ሊያነሡ አልወደዱም።

ጥቂት ቆይቶ የአንደኛው ወንድም ሞተ። ሌላው ማንም ሳይጠራው ማልዶ መጥቶ የዕድሩን ድንኳን ተከለ፤ እስከ ሠልስት ድረስም ከኅዘንተኞቹ ጋር ተቀመጠ። እኔም ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ። ዳሩ ግን ሠልስቱ እንዳለፈ እንደ ቀድሞው ተኳረፉ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ እኛ አብሮ ማልቀስ እናውቅበታለን፤ ሳይስማሙ አብሮ መምከር ግን ገና አልለመድንም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ቀላል እንዳይመስልህ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት፥ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ እንደ ቆጠረው፥ የ199 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ ከእነዚህም 6ቱ ፖሊሶች ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ጠመንጃ በምክር ፈንታ ሲናገር ምን እንደሚያስከትልም አንተ ራስህ አይተኸዋል።

በሌላ ወገን፥ መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተፎካካሪ ፓርቲዎች ሦስት ሰዎች ሚኒስትሮች ሆነው ተሾሙ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት፥ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፥ አቶ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት። መልካም ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ የተደረገ ሹመት የዳንግላን አበ ልጆች አያነጋግርም፤ ይህ የእኛው የሰፈርተኞቹ ሥራ ነው።

ሕጉም ይረዳናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል። ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ስለሚመረጥ፥ ከግማሽ በታች ድምፅ ይዞ የሚገባ ሊኖር ይችላል። እንዲህም ሲሆን ላልመረጡት ሁሉ እንደራሴያቸው ነው። ስለዚህ «የኔ ሰው አልገባም» ብለህ ከስብሰባ ብትቀር፥ የጣልኸው የራስህን መብት ነው።

አብሮ መኖርን በደንብ ማሰር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋን ድልና የፈረስን ውለታ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። ማኅበሩ ግልቢያ ብቻ አይደለም፤ የተጣላውን ያስታርቃል፥ የተቸገረውን ይረዳል። ፈረሶቹ ተሰልፈው ሲያልፉም ጋላቢው ማንን እንደ መረጠ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

እንግዲህ አንተ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ፥ በመስኮትህ ፊት የቆመው ባለጉዳይ ሐሳቡ ካንተ የተለየ መሆኑን ብታውቅ፥ «ነገ ተመለስ» ብለህ አትበቀለው። አንተም ተማሪ፥ ከማይስማማህ ጎረቤትህ ጋር ስለ ቧንቧው ወይም ስለ መንገዱ አንድ ማመልከቻ ጻፍ። በፓርቲ ነገር እንድትስማሙ ማንም አያስገድዳችሁም።

ሁለቱ አበ ልጆች ዛሬም አልተነጋገሩም። ስለ ሰፈራችን ድልድይ ያረቀቅሁት ማመልከቻ ግን አልቋል፤ የጎደለው የሁለቱ ፊርማ ብቻ ነው። እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ ይዤላቸው እሄዳለሁ።