ፈሳሽ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ መያዣው ያስብ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። ይህ ምሳሌ ለእህል ነጋዴ ይሠራ ይሆናል፤ እህል ቢፈስ ይለቀማልና። ፈሳሽ ግን አንድ ጊዜ ከፈሰሰ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ፈሳሽ የሚነግድ ሰው ስለ ሸቀጡ ጥራት የሚጨነቀውን ያህል ስለ መያዣውም ማሰብ ይገባዋል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የታወቁ የተሽከርካሪ ማረፊያዎች ናቸው፤ የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠለውም ከቡሬ ነው። በርበሬና በቆሎ ለመጫን ወደ ገጠር የዘለቀ አይሱዙ፣ ገበያተኛ የሚያመላልስ ሚኒባስና ባጃጅ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። በዚህም የተነሣ ላቫጆ የሚባለው የመኪና እጥበት ለወጣቶች የእንጀራ ምንጭ ሆኗል፤ የመኪና ሳሙና፣ ፖሊሽ፣ ሰምና ጎማ ማጥቆሪያም ተፈላጊ ሸቀጦች ናቸው።

የሚያሳዝነው አሸጣጡ ነው። ፈሳሹ በ20 ሊትር ጀሪካን ይመጣና፣ በአንድ የታሸገ ውሃ ስም «ሃይላንድ» እየተባለ በሚጠራው ባዶ የውሃ ጠርሙስ እየተቀዳ ይቸረቸራል። አጣቢውም ክዳኑን በምስማር በስቶ ያንኑ እየጨመቀ ይሠራበታል። ባዶው ሃይላንድ በርካሽ ስለሚገኝ ገንዘብ ያተረፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉዳቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ብክነት ነው። የውሃ ጠርሙስ ተጨምቆ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ በደኅና አይመለስም፤ በምስማር የተበሳ ክዳንም ልክ የለውም። ለአንድ መኪና 40 ሚሊ ሊትር የሚበቃው አጣቢ 100 ቢያፈስ፣ 500 መኪና ሊያጥብ የሚችለው ጀሪካን 200 መኪና ላይ ያልቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ምን ያህል እንደተወደደ አስመጪው ያውቀዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጭነት ሲዘገይ ቸርቻሪው አይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በከንቱ የሚፈስ ሳሙና በከንቱ የሚፈስ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በገንዘብ አይተመንም። አሲድ ያለበት ማጽጃ ወይም የሞተር ቅባት ማስለቀቂያ በሃይላንድ ተሞልቶ ቢቀመጥ ከመጠጥ ውሃ ማን ይለየዋል? የተጠማ ረዳት ወይም ሕፃን አንሥቶ ቢጠጣው አፉና ጉሮሮው ይቃጠላል። የጠጣውን ሰው እንዲያስመልስ ማስገደድ ጉዳቱን ያብሰዋል፤ ሳይዘገዩ ከነጠርሙሱ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያሻል። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ግን ለሐኪሙ ምን ይነግረዋል?

ለወፍራም ፈሳሽ የሚስማማው፣ በምግብ ቤቶች የካቻፕ መያዣ መልክ የተሠራው የሚጨመቅ ጠርሙስ ነው፤ እንደ ውሃ ለሚቀጥን ፈሳሽ መርጫ ይሻላል። ገዢው የጠርሙሱን ቂጥ ገልብጦ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር ይመልከት። 1 የውሃው ጠርሙስ ዓይነት ነው፤ ብርቱ የቅባት ማስለቀቂያ ይጎዳዋል። 4 ለስላሳና በቀላሉ የሚጨመቅ በመሆኑ ለሳሙናና ለፖሊሽ ይመቻል። ቤንዚን ነክ ለሆነ ፈሳሽ ግን ጠንከር ያለው 2 ይመረጣል። ከመግዛትም በፊት ውሃ ሞልቶ፣ ዘቅዝቆና ጨምቆ አንገቱ አለማፍሰሱን መፈተን ነው።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ አለው። ጫፉ ደፍን ሆኖ ከመጣ በመጀመሪያ በጥቂቱ ይቆረጥ፤ የጠበበውን ማስፋት ይቻላል፣ የሰፋውን ማጥበብ ግን አይቻልም። እስከ አፉ አይሞላ፤ ሙቀት ያስፋፋዋልና። ከባሕር ጠረፍ ታሽጎ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ቡሬ የደረሰ ጠርሙስም በውስጡ ያለው አየር ስለሚነፋው፣ ሲከፈት እንዳይረጭ ቀና አድርጎ ቀስ ብሎ መክፈት ይገባል። በረኪና በነበረበት ጠርሙስ አሲድ መጨመር ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛም ጋዝ ይወጣል።

እንግዲህ አስመጪው ከጀሪካኑ ጋር ባዶ ጠርሙሶችንና በአማርኛ የተጻፈ መለያ ወረቀት ያቅርብ፤ ባለሱቁም ጠርሙሱን አንድ ጊዜ ሸጦ፣ ባዶውን ይዞ ለሚመለስ ደንበኛ ያንኑ ፈሳሽ ብቻ ይሙላለት። ደንበኛው የጠርሙሱን ዋጋ በመጀመሪያ ቀን ቢያማርርም ከሚተርፈው ሳሙና መልሶ ያገኘዋል። ነጋዴውም ደንበኛ ያተርፋል። በሰው ጉሮሮ ላይ አደጋ ጥሎ የሚገኝ ትርፍ ግን፣ በመዝገብ ቢጻፍም፣ ትርፍ አይባልም።