ርእሰ አንቀጽ፦ ሰዓትና ሠራተኛ

የሥራ አመራር ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን የፍሬድሪክ ቴይለርን ስም ሳይሰሙ አንድ መንፈቅ አያልፍም። ከመካከላችን አንዳንዱ ያመሰግነዋል፤ አንዳንዱ ይረግመዋል። እኛ ግን ከመፍረድ በፊት ነገሩን መመዘን ይሻላል እንላለን።

ቴይለር በአሜሪካ አገር በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1899 ባደረገው ሙከራ፥ በቀን 12 ቶን ተኩል ያህል ብረት ይጭን የነበረ ሠራተኛ 47 ቶን ሊጭን ቻለ። የቀን ደመወዙም ከ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ85 ሳንቲም ከፍ አለ። ይህም የሆነው መቼ እንደሚሸከምና መቼ እንደሚያርፍ በጥናት ስለተወሰነለት ነው፤ ከቀኑም ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ ከሸክም ነጻ ነበር። ዕረፍት ሥራን እንደሚያበዛ፥ ለበለጠ ሥራም የበለጠ ክፍያ እንደሚገባ ማሳየቱ ታላቅ ነገር ነውና ይህን የሚክድ ሰው ያለ እውነት ይፈርዳል።

ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። ሥራው ወደ 4 እጥፍ ሲጠጋ ደመወዙ የጨመረው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህን ሸክም የሚችለውም ከ8 ሰው 1 ያህል ብቻ መሆኑን ቴይለር ራሱ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። በዚያው ዓመት በዋተርታውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፥ ሥራዬ በሰዓት አይለካም ያለ አንድ ሠራተኛ ቢባረር ጓደኞቹ ሥራ አቆሙ፤ በአቤቱታቸውም አሠራሩ የሚያዋርድ ነው አሉ።

ደግሞም ቴይለር ሰው በቡድን ሲሠራ ይሰንፋል ብሎ ያምን ስለነበር፥ በቤተልሔም ከ4 የሚበልጡ ሰዎች ያለ ልዩ ፈቃድ አብረው እንዳይሠሩ ተከልክሎ ነበር። እኛ ግን ደቦ የወጣ ገበሬ ከጓደኛው ላለማነስ እንዴት እንደሚበረታ እናውቃለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለምን?

ነገሩ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ በልብስ ስፌት ፋብሪካና በአበባ እርሻ ሰዓቱን የምንይዝ ነን። ስለዚህ መምህራኖቻችን የሥራን አለካክ ሲያስተምሩን ሠራተኛን ማማከርንም አብረው እንዲያስተምሩን እንለምናለን። እናንተም ጓደኞቻችን፥ የቀኑን ሥራ መጠን ከመወሰናችሁ በፊት ሠራተኞቹን «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሰጧችሁንም መልስ በደብተራችሁ ከቁጥሩ ጎን ጻፉት።