የእኛን ጉዳይ ማን ያጥናው? ስለ ክረምት የምርምር ስልጠናዎች ለሞጣና ለቢቸና ወጣቶች



ክረምት ሲገባ ሞጣና ቢቸና ልጆቻቸውን መልሰው ያገኛሉ። ከየዩኒቨርሲቲው የመጡት ከመግሪብ በኋላ መስጂድ ግቢ ውስጥ ሰብሰብ ብለው ይጫወታሉ፤ ታናናሾቻቸው ቂርአት ይቀጥላሉ፤ ሒፍዝ የጀመረ ይገፋበታል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ እንዳለ ይቀጥል። ዛሬ የምናነሳው ከዚሁ ከክረምት ጋር የሚሄድ፣ በእኛ ዘንድ ግን ብዙም የማይወራ ጉዳይ ነው፦ በሶሻል ሳይንስ ተመርቀው ምርምር ለሚጀምሩ ወጣቶች የሚሰጡ አጫጭር ስልጠናዎች።

ልጅ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ሆኖ ሲመረቅ ሰፈሩ ሁሉ ይደሰታል። ሶሲዮሎጂ፣ ታሪክ ወይም ሶሻል አንትሮፖሎጂ የተመረቀውን ግን «ይሄ ደግሞ ምን ያሠራል?» እንለዋለን። (መቼም ብዙው ልጅ እዚያ የሚገባው ወዶ ሳይሆን ደርሶት ነው።) ከዚያ የአባቱ ሱቅ ገብቶ ይቀራል። ንግድ ሐላል ሥራ ነው፣ አያቶቻችንም የኖሩበት ነው፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን አራት ዓመት ስለ ማኅበረሰብ የተማረ ልጅ ስለ ራሱ ማኅበረሰብ አንድ ገጽ ሳይጽፍ ሲቀር የሚጎድል ነገር አለ።

ምን እንደሚጎድል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጁሙዓ ዕለት፣ ሞጣ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። በየከተማው ሰልፍ ተወጣ፣ መንግሥት አወገዘ፣ ተጠርጣሪዎች ተያዙ ተባለ። ከዚያስ? ያን ቀን በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ በቀላሉ የሚያገኘው ፎቶ፣ የስልክ ቪዲዮ፣ አጫጭር ዜናና በየዓመቱ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ መታሰቢያ ነው። ዋጋቸውን አንክድም፤ መታሰቢያውንም የምንለጥፈው እኛው ነን። ግን ከጥቃቱ በፊት ስለ ቤተ ክርስቲያን ቃጠሎ ይነገር የነበረው ከየት ተነስቶ በማን አፍ ሄደ? ሱቁ የነደደበት ነጋዴ በማን ገንዘብ መልሶ ከፈተ? ካልከፈተስ ወዴት ሄደ? ጎረቤቱን ለማዳን የሞከረ ክርስቲያን ነበረ ወይ፣ ከነበረስ ምን አስደፈረው? ይህን የሚመልሰው ቤት ለቤት ሄዶ የሚጠይቅ፣ የሰማውን የሚጽፍ፣ የአንዱን ቃል ከሌላው የሚያመሳክር የሰለጠነ ሰው ነው።

ስልጠናዎቹ የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ ኦስሪያ፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የምርምር ዘዴ ስልጠና ሲሰጥ ኖሯል። ዳካር ያለው ኮዴስሪያም እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሥርቶ ከየአፍሪካ አገሩ ወጣት ምሁራንን ለሳምንታት እየሰበሰበ ያሰለጥናል። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላይ ደግሞ ከ1963 ጀምሮ በየክረምቱ የቁጥር ትንተና ትምህርት ይሰጣል፤ የእሱ ክፍያ ግን ስኮላርሺፕ ካልተገኘ ለእኛ ልጅ የሚቀመስ አይደለም። ሰልጣኙ ራሱ ያመጣውን ጥያቄ ይዞ ይገባል፤ ጥያቄውን ማጥበብ፣ ናሙና መምረጥ፣ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ያገኘውን በጽሑፍ ማቅረብ ይለማመዳል።

«ናሙና» የሚለው ቃል ደረቅ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ሙስሊሙ ከመቶ 3 አይሞላም። አንድ አጥኚ ስለ ሥራ አጥነት ወይም ስለ ብድር ሊያጠና ከዞኑ 400 ሰው በዕጣ ቢመርጥ ከመካከላቸው የሚደርሱት ሙስሊሞች በአማካይ ከ12 አይበልጡም። በ12 ሰው ምንም ማለት ስለማይቻል ሪፖርቱ ስለ እኛ ዝም ይላል። አጥኚው ጠላታችን ስለሆነ አይደለም፤ ስሌቱ ነው የሚውጠን። ዘዴውን የተማረ ሰው ግን የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው በከተሞች መሆኑን አይቶ ከሞጣና ከቢቸና ሙስሊሞች ለብቻው ተጨማሪ ናሙና ይወስዳል፣ በመጨረሻም ሚዛኑን በስሌት ያስተካክላል። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ አንድ ልጅ ቢኖረን ብዙ አቤቱታ ይተካልናል።

ጎጃም ያልተጠና አገር አይደለም። አሜሪካዊው አለን ሆበን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ስለ ርስት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሳውን የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ተንትኗል፤ የዐመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ደግሞ እነዚሁ የእኛው ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ነበሩ። ገበሬው መሬት ሲለካ ርስቴ ይነጠቃል ብሎ ፈራ፤ መንግሥት በጦር ሞክሮ በመጨረሻ ወደኋላ አለ፤ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ተነሡ። እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀር ጥያቄ አለ። ርስት የማይደርሰው፣ በንግድና በሽመና የሚኖረው ሙስሊም በዚያ ዐመፅ የት ነበር? ከማን ጋር ቆመ? ገበያው ሲዘጋ ምን በላ? ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበሩ አባቶች ዛሬ ሰማንያ ገደማ ናቸው። በሕይወት ያሉትን አሁን ካልጠየቅናቸው ማንንም አንጠይቅም።

ምሳሌ የሚሆኑ ሰዎችም አሉን። ነፍሳቸውን ይማረውና ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ያጠኑበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሞ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይጠቀሳል። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ የጎጃምን ንግድ አጥንተዋል፤ ያ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴው ታሪክ ነው። እኛ ግን በየጽሑፋችን ኢብኑ ኸልዱንን ጠቅሰን እናልፋለን። ኢብኑ ኸልዱን ሞጣን አላጠናትም።

አንዳንድ ወንድሞች «ምርምር የነጮች ነገር ነው» ሲሉ እንሰማለን። ሐዲስ ሲነገረው «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን ሰማ?» ብሎ የሚጠይቅ ኡማ ይህን ሊል አይገባውም። ዑለሞቻችን አንድን ዘገባ ለማጣራት ከተማ ለከተማ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ ጥናትን እንደ መልስ መስጫ ብቻ የሚያይ ስሜት። የሚያጠና ልጅ እኛን የማያስደስት ነገር ሊያገኝ ይችላል፤ በመስጂድ አስተዳደር፣ በዘካ አከፋፈል፣ በሴት ልጆች ትምህርት ላይ። ያኔ አፉን ልንዘጋው ከሆነ ባናሰለጥነው ይሻላል።

ሌላው አደጋ ሰውን መጉዳት ነው። ንብረቱ የነደደበትን ሰው «ያን ቀን ንገረኝ» ማለት ቁስል መንካት ነው። ፈቃዱን መጠየቅ፣ ካልፈለገ ተነስቶ መሄድ፣ ስሙንና የሱቁን ቦታ መደበቅ፣ ድምፁን ለሌላ አለማጋራት ያስፈልጋል። በተለይ ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ባለበት ጦርነት አንድ በግዴለሽነት የተለቀቀ ስም ቤት ሊያፈርስ ይችላል። ስልክ አውጥቶ መቅዳት ሁሉም ይችላል፤ የሰለጠነ ሰው የሚለየው መቼ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እንደሚተው በማወቁ ነው።

የእኛ ልጆች ለምን አይገቡም? ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ክረምቱ ከመግባቱ ከወራት በፊት። አጭር ፕሮፖዛል፣ ሲቪና የመምህር ድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦበት በነበረ ክልል ያለ ልጅ ሰኔ ላይ መፈለግ ሲጀምር ቀኑ አልፏል። መምህሩን ደብዳቤ ለመጠየቅ የሚያፍርም አለ፤ አይፈር፣ ሥራቸው ነው።

ጀመዓው ማድረግ የሚችለው ቀላል ነው። ለአንድ ተመራቂ አዲስ አበባ ደርሶ መመለሻ ትራንስፖርትና የጥቂት ሳምንት ቀለብ መሸፈን ለአንድ ሰርግ ከምናወጣው አይበልጥም። ሰልጥኖ የመጣው ደግሞ በቀጣዩ ክረምት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ኢንሻአላህ፣ በመድረሳው አዳራሽ ለአሥር ቀን ያህል ታናናሾቹን ያስተምር፤ ሴቶችን እናቶች ቤት ገብተው የሚጠይቁት እህቶች ስለሆኑ ከሰልጣኞቹ ግማሹ እህቶች ይሁኑ። የመጀመሪያ ልምምዳቸው የሞጣና የቢቸና አረጋውያንን ስም ዝርዝር ማውጣትና በፈቃዳቸው ማነጋገር ቢሆን እንመርጣለን።

ፕሮፖዛል የጀመራችሁ ካላችሁ ሁለት ገጽ አድርጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። እንግሊዝኛውን የሚያዩላችሁ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ግን እስከ ጥር መጨረሻ ይድረሰን።