ዳዶ ማጥበቅ ማስተካከል አይደለም፦ ስለ ሎንግቦርድ ትራክና ጎማ ለሚነገረው የጋራ አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

ሎንግቦርድ የሚነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምክር አለ። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ቦርዱ ከእግር ሥር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ «ትራክህን አጥብቅ» ይባላል፤ ማለትም ጎማዎቹን ከጣውላው ጋር የሚያያይዘውን የብረት ክፍል ዳዶ አጥብቅ። ወዲያው ተከትሎ የጎማው ምክር ይመጣል፦ «ፍጥነት ከፈለግህ ጠንካራና ትልቅ ጎማ ግዛ»። ይህን የሚሉት ሰዎች በዘርፉ እንግዳ አይደሉም፤ ብዙዎቹ አስፋልት ላይ ቆዳቸውን ትተው የተማሩ ናቸው። ስለዚህ አስተያየታቸውን በሚገባው ክብር ላስቀምጠው። የላላ ነገር ይወዛወዛል፤ የጠበቀ ነገር አይወዛወዝም። ማጥበቅ አንድ ቁልፍና ግማሽ ደቂቃ ብቻ ይጠይቃል፤ ውጤቱም በሚቀጥለው ቁልቁለት ይታያል። ጎማን በተመለከተም ጠንካራ ነገር በክብደት ስለማይሟሽሽ ጉልበት አያባክንም፤ ትልቅ ጎማም በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ፈጽሞ ውሸት የሆነ የለም ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ያለው ከእነሱ ወደ ድምዳሜው በተሄደበት መንገድ ላይ ነው። ይህን በአራት ነጥብ አሳያለሁ፤ ሁለተኛው ከሌሎቹ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ክርክሩ የሚወሰነው እዚያ ነው።

አንደኛ፦ ዳዶው የሚጨምረው ጥንካሬ በተሳሳተ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ጥንካሬ ነው።

በትራኩ መሐል የሚያልፈው ኪንግፒን የተባለው ብሎን ሁለት የዩሪቴን ቡሺንጎችን ይይዛል፤ አንዱ በጣውላው በኩል፣ ሌላው በመንገዱ በኩል። አክሰሉን የተሸከመው ሀንገር በሁለቱ መካከል ይቀመጣል። ነጂው ሲያዘነብል ቡሺንጎቹ በአንድ ወገን ይጨመቃሉ፣ በሌላው ወገን ይላቀቃሉ። ዳዶው ልል ከሆነ የተላቀቀው ወገን ሥራ የለውም። ዳዶው ሲጠብቅ ግን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው የተጨመቁ ስለሆኑ ከመሐል ጥቂት ዘንበል ሲባል ሁለቱም በአንድነት ይከላከላሉ። «ቦርዱ ጠነከረልኝ» የሚያሰኘው ይህ ነው።

የሚረሳው ቀጣዩ ደረጃ ነው። ማዘንበሉ ከፍ ብሎ የአንዱ ወገን ጭመቃ ሲያልቅ ያ ወገን ከሥራ ይወጣል፤ መከላከሉ ከዚያ በኋላ የሚጨምርበት መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ውጤቱ መጀመሪያ እምቢ የሚል፣ እምቢታው ሲሰበር ደግሞ ከተጠበቀው በላይ የሚያዘነብል ቦርድ ነው። በዝግታ ሲሄዱ ይህ ጠባይ አይታወቅም፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን መውደቂያ ነው። ለወራት ከመጠን በላይ ጠብቆ የቆየ ቡሺንግ ፈትታችሁ ብትመለከቱ ማስረጃውን በእጃችሁ ታገኛላችሁ፦ የሮንዴላው ጠርዝ ዩሪቴኑን ዙሪያውን ቆርጦ ገብቷል፤ ከጠርዙ ውጭ የተረፈው አብጦ ተሰንጥቋል፤ ቁመቱም ከአዲሱ አጥሮ ቀርቷል። እንዲህ የሆነ ቡሺንግ የሚመልስ ኃይሉን ስለሚያጣ ባለቤቱ እንደገና ያጠብቃል።

የአስተሳሰብ ስህተቱ የታወቀ ነው፦ «ካጠበቅሁ በኋላ ቆመ፤ እንግዲህ ስላጠበቅሁ ዳነ»። ያቆመው ነገር ግን መወዛወዙ የሚጀምርበትን ፍጥነት ትንሽ ወደ ላይ መግፋቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥንካሬ የሚፈልግ ሰው ጠንካራ ቡሺንግ ይግዛ። ቡሺንግ በሾር ኤ የጥንካሬ መለኪያ በአብዛኛው ከ78 እስከ 97 ባለው ክልል ይሸጣል፤ የሚመረጠውም በነጂው ክብደት ነው። የ60 ኪሎና የ90 ኪሎ ሰው በአንድ ቡሺንግ ላይ ቆመው ልዩነታቸውን በዳዶ ዙር ያጣጥማሉ ብሎ ማሰብ፣ አንድን መሣሪያ ያልተሠራበትን ሥራ ማሠራት ነው። ቅርጹም ይቆጠራል፦ ሾጣጣው በቀላሉ ያዘነብላል፤ በርሜል መሰሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተስተካከለ ሁኔታ ይከላከላል።

ሁለተኛ፦ የጋራው አስተያየት ሁለት ትራኮችን እንደ አንድ ይቆጥራል።

«የላላ» እና «የጠበቀ» የሚሉት ቃላት ቦርዱ አንድ የመታጠፍ መጠን ብቻ እንዳለው ያስመስላሉ። ቦርዱ ግን ሁለት መሪ አለው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የእያንዳንዱን መታጠፍ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የትራኩ አንግል ነው፤ ይህም በገበያ ላይ 50፣ 44፣ አንዳንዴም 20 ዲግሪ እየተባለ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ሒሳቡ አጭር ነው፦ የጎማዎቹ መታጠፊያ ታንጀንት ከትራኩ አንግል ታንጀንትና ከማዘንበሉ ሳይን ብዜት ጋር እኩል ነው።

በምሳሌ እናስላው። በሁለቱ አክሰሎች መካከል 70 ሴንቲ ሜትር ያለው ቦርድ 10 ዲግሪ አዘነበለ እንበል። ሁለቱም ትራኮች 50 ዲግሪ ከሆኑ ቦርዱ በ1.7 ሜትር ሬዲየስ ይዞራል። የፊቱን 50 ትተን የኋላውን ወደ 20 ዲግሪ ብናወርደው ሬዲየሱ 2.6 ሜትር ይሆናል። አሁን ሁለቱንም 38 ዲግሪ እናድርጋቸው፤ ሬዲየሱ እንደገና 2.6 ሜትር ነው። እንግዲህ እኩል የሚታጠፉ፣ በጋራው አስተያየት ቋንቋ እኩል «የጠበቁ» ሁለት ቦርዶች አሉን። ቁልቁለት ላይ ግን እኩል አይደሉም።

ምክንያቱን ለማየት መኪናን በኋላ ማርሽ በፍጥነት መንዳት ማሰብ ይበቃል። መሪው ያለበት ጫፍ ከኋላ ስለሚሆን መኪናው መጀመሪያ የሚሸሸው ወደማይፈለገው ወገን ነው፤ ነጂው ያን ሊያርም ሲል ያበዛዋል። በሎንግቦርድም የኋላው ትራክ ሲታጠፍ ጅራቱን ወደ ውጭ ይገፋል። የፊቱ ትራክ ሲታጠፍ ግን ቦርዱ ወዲያውኑ ሰውነት ወዳዘነበለበት አቅጣጫ ይገባና ከሚወድቀው ክብደት ሥር ይደርሳል። 50 በ20 የሆነው ቦርድ አብዛኛውን መታጠፉን የሚያገኘው ከፊት ነው፤ 38 በ38 የሆነው ግማሹን ከኋላ። በፍጥነት የሚጎዳው የኋላው ድርሻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ለተቃራኒዎቼ ከባድ ነው። ሁለቱንም ዳዶዎች እኩል ማጥበቅ፣ እንደ ልማዱ፣ ጠቃሚውን የፊት መሪ ከጎጂው የኋላ መሪ ጋር አብሮ ይቀጣል። የመሪው ድርሻ በፊትና በኋላ መካከል ያለው ምጥጥን እንዳለ ይቀራል፤ ማለትም ችግሩን የሚፈጥረው ነገር አልተነካም። የኋላውን አንግል ዝቅ ማድረግ ግን ምጥጥኑን ራሱን ይለውጣል። አንግሉ ዝቅ ያለ ትራክ በቀላሉ የሚያዘነብል ስለሆነ የኋላው ከፊቱ ጠንከር ያለ ቡሺንግ ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ዝቅተኛውን ትራክ ከኋላ ያስገባና «ይኸው ላላብኝ» ብሎ ወደ ዳዶው ይመለሳል።

ሦስተኛ፦ መወዛወዙ የብረት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው በዑደቱ ውስጥ አለበት።

ሞንት ሀባርድ እ.ኤ.አ. በ1979 የስኬትቦርድን የጎን እንቅስቃሴና መረጋጋት በእኩልታ ካስቀመጡት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ነው። በ2016 ደግሞ ባላዥ ቫርሴጊ፣ ዴኔሽ ታካች፣ ጋቦር ሽቴፓንና ጆን ሆጋን በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የነጂውን የምላሽ መዘግየት በስሌቱ ውስጥ አስገቡ። ያሳዩትም ቀጥ ብሎ ለመሄድ ነጂው የሚሰጠው እርማት ከፍጥነቱ ጋር አብሮ መለወጥ እንዳለበት ነው። በዝግታ ጊዜ ያቆመው እርማት በፍጥነት ጊዜ ያወዛውዘዋል። ከቦርዱ መሐል ወደ ፊት ቀርቦ መቆም ጥቅም እንዳለውም በዚያው ስሌት አረጋግጠዋል።

ይህ በሜትር ሲታሰብ ግልጽ ይሆናል። የአንድ ሰው ምላሽ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ቢዘገይ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቦርዱ በዚያ ጊዜ 1.1 ሜትር ተጉዟል፤ በ50 ኪሎ ሜትር 2.8 ሜትር። እርማቱ ሲደርስ ቦርዱ ወደ ሌላው ወገን መመለስ ጀምሯል፤ ዘግይቶ የመጣው ግፊት መወዛወዙን ይመግበዋል። ትራክ ሲጠነክር ደግሞ ቦርዱ ወደ መሐል የሚመለሰው በፍጥነት ነው፤ የሰውየው መዘግየት ግን ያው ነው። የጋራው አስተያየት አንድ ቦርድ በአንድ ሰው እግር ሥር ሲወዛወዝ በሌላው ሥር ለምን ቀጥ እንደሚል ማስረዳት አይችልም፤ ዳዶውን ማንም አልነካውምና። ክብደትን በፊተኛው እግር ላይ መጣል ነጻ ነው፤ ምናልባት የሚናቀውም የሚሸጥ ነገር ስላልሆነ ይሆናል።

አራተኛ፦ የጎማው ምክር አንድን ቁጥር ለሁሉ ነገር ምስክር ያደርጋል።

በጎማ ላይ 78 ኤ ወይም 80 ኤ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስፕሪንግ የተገፋ ጫፍ ዩሪቴኑ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ። ዩሪቴኑ ተጨምቆ ሲመለስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚመልስ አይናገርም። እኩል 78 ኤ የተባሉ ሁለት ጎማዎች በአንድ ቁልቁለት ላይ በግልጽ ሊለያዩ ይችላሉ። «ጠንካራው ይፈጥናል» የሚለውን ደንብ እንደተባለው ብንወስደው፣ ከዩሪቴን በፊት የነበሩት የብረትና የሸክላ ጎማዎች ከሁሉም የፈጠኑ መሆን ነበረባቸው። ታሪኩ ተቃራኒው ነው። ፍራንክ ናስዎርዚ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዩሪቴን ጎማ ለስኬትቦርድ ሲያቀርብ ለስላሳው ጠንካራውን ከገበያ አስወጣው። ምክንያቱም ጠንካራ ጎማ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ቦርዱንና ሰውየውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ለማንሳት የወጣው ጉልበት በንዝረት ይባክናል። ለስላሳው ጠጠሩን ውጦ ያልፋል።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ጎማው በምን ላይ ይሄዳል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ በተከፈተው የስኬት ፓርክ ዓይነት የተለሰለሰ ኮንክሪት ላይ 99 ኤ የሆነ ትንሽ ጎማ በትክክለኛ ቦታው ነው። ያንኑ ጎማ ከበር ወጥቶ ጠጠሩ ባፈጠጠ አስፋልት ላይ የሞከረ ሰው መልሱን ከጥርሱ መንቀጥቀጥ ያገኘዋል።

ስለ መጠን በአጭሩ። የ70 ሚሊ ሜትር ጎማ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 63 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የ80ው 55 ጊዜ። የዙሩ ማነስ ለኩሽኔታው ትንሽ እረፍት ቢሰጥም የመጨረሻ ፍጥነትን አይወስንም። በፍትሐዊነት፣ በእኔ ወገን የሚነገር አንድ መከራከሪያም መውደቅ አለበት፦ «ትልቅ ጎማ ከባድ ስለሆነ ፍጥነት ለማንሳት ይዘገያል» ይባላል። አራቱ ጎማዎች አንድ ኪሎ ቢመዝኑ መሽከርከራቸው የሚጨምረው ሸክም ግማሽ ኪሎ ያህል ነው፤ ከ80 ኪሎ ሰው አንጻር ከአንድ በመቶ በታች። ትክክለኛው ዋጋ ሌላ ቦታ ነው። ትልቅ ጎማ ቦርዱን ከመሬት ያርቃል፤ ሲያዘነብሉም ጣውላውን ይነካል። ባለቤቱ እንዳይነካ በትራኩና በጣውላው መካከል ማስነሻ ያስገባል፤ ቦርዱ ይበልጥ ከፍ ይላል፣ በከፍታውም መረጋጋቱን ያጣል። አሁንም ሲነካበት ዳዶውን ያጠብቃል። ሁለቱ የጋራ ምክሮች እንዲህ እየተጋገዙ አንዱ የፈጠረውን ችግር ሌላው «ይፈታዋል»።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ጠንካራው እሱ ነው። ፒት ኮኖሊ የተባለ ነጂ በ2017 በካናዳ ኬቤክ በቦርዱ ላይ ቆሞ በሰዓት 146.73 ኪሎ ሜትር ወርዷል፤ በእንዲህ ያለ ፍጥነት የሚወርዱ ሰዎች ትራክ በእጅ ሲገፋ የማይነቃነቅ ይመስላል፤ ታዲያ ማጥበቅ ስህተት ከሆነ እነሱ ለምን አጠበቁ? መልሱ፦ ያንን ግትርነት ያገኙት ከዳዶ አይደለም። የፍጥነት ትራክ ሀንገሩ ጠባብ፣ አንግሉ በተለይ ከኋላ ዝቅ ያለ፣ ቡሺንጉ ለነጂው ክብደት የተመረጠና ጠንካራ ነው። ዳዶው ቡሺንጉን በቦታው ለማስቀመጥ ያህል፣ ሮንዴላው በጣት ሲነካ መዞሩን እስኪያቆም ወይም ጥቂት አልፎ ይጠብቃል። ውጤቱን አይቶ መንስኤውን ከዳዶው ላይ ማንበብ፣ ከሌላ ምንጭ የመጣውን ጥንካሬ ለቁልፉ መስጠት ነው።

ማጥበቅ ያለ ክርክር ትክክል የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ዳዶው በመንገድ ንዝረት ራሱን ሲፈታና ሮንዴላው ሲንቀጫቀጭ። እዚያም ቢሆን በዳዶው ውስጥ ያለው የናይለን ቀለበት አልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚሻለው ዳዶውን በአዲስ መተካት ነው።