እባካችሁ ሲኒያችንን አትንኩብን!

ጎበዝ! ዛሬ ስለ ሹም ሽር አልጽፍም። ስለ ስብሰባና ስለ መግለጫ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኔም ብሆን ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ የተለወጠ ነገር ካለ ንገሩኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቡና ነው። «አገር እንዲህ ሆና ስለ ቡና?» የሚል አንባቢ ካለ፣ ጋዜጣውን ከማጠፉ በፊት አንድ ሲኒ የሚያስጨርስ ጊዜ ይስጠኝ።

ይህ ጸሐፊ በየዝግጅት ክፍሉ ደጅ ጽሑፍ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ደመወዝ የለኝም። የምኖረው ጽሑፍ ሲወጣ በምትከፈለኝ ነው፤ እሷም ስትከፈለኝ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አንድ ዝግጅት ክፍል (ስሙን ትቼዋለሁ፤ ነገ ደግሞ ደጁን መርገጤ አይቀርም) የሦስት ወር ጽሑፌን አውጥቶ ሲያበቃ «ሰኞ ብቅ በል» ይለኝ ጀመር። ሰኞ ስሄድ «ሒሳብ ሹሟ አልገባችም»። በሚቀጥለው ሰኞ «ፈራሚው መስክ ወጥቷል»። በዚያው ሰሞን አከራዬ «ልጄ፣ ሁሉ ነገር ጨምሯል፤ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ» ብለው ኪራዩ ላይ 1,500 ብር ጫኑበት። በዚያው ዓመት የቤት ኪራይ አዋጅ መውጣቱን አውቃለሁ። ግን አዋጅ ጠቅሶ ሲያበቃ ከአከራዩ ጋር በአንድ ግቢ በሰላም ያደረ ሰው ካለ እስቲ ይምከረኝ።

ያን ቀን ጠዋት ኪሴ ውስጥ የነበረው 70 ብር ነው። ከሷ ላይ 15 ብሯን ቡና ጠጣሁባት። ሞኝ የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን ያን ቀን ሳላብድ ያመሸሁት በዚያች 15 ብር ነው ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነም እነግራችኋለሁ።

የአዲስ አበባ ሰው በደመወዙ የሚኖር አይምሰላችሁ። በደመወዙማ ቢሆን ወሩ በገባ በ10ኛው ቀን ባለቀለት ነበር። የሚኖረው በትናንሽ ነገር ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተገትሮ በመጨረሻ ጋቢና ሲደርሰው፣ ሚኒስትር የተሾመ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። ክረምት ሲመሽ፣ ካፊያው ሳያባራ፣ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ እየጋጠ ወደ ቤቱ ያዘግማል። ካልሲው የተቀደደ ቢሆንም ጫማውን ሊስትሮ ጋ ያስጠርጋል፤ ካልሲውን ማን ያይበታል! ቅዳሜ ከሰዓት አርሰናልና ማንቼ ተባብሎ ሲሰዳደብ ይውልና ሰኞ መኖሩን ይረሳል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልለይ። ሁሉ ደስታ ደስታ አይደለም። ለምሳሌ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ እኛ ትልልቆቹም አብረን ፈገግ እንላለን። ውሃ በሳምንቱ ሲመጣ በሌሊት ተነስተን ጀሪካን ስንደረድር ፊታችን ይበራል። ይህ ምን የሚሉት ደስታ ነው? መጀመሪያ ይወሰድብሃል፤ ከዚያ የራስህ ሲመለስልህ እልል ትላለህ። እግርህን የረገጠህ ሰው እግሩን ሲያነሳልህ የሚሰማህ ዓይነት ነገር ነው። ይሄንን እንኳን ለሚወዱት ትቼላቸዋለሁ። እኔ የምለው ማንም ያልሰጠንን፣ ራሳችን ያበጀነውን ነው።

ካዛንቺስ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ በአንድ የቀበሌ ቤት አጥር ጥግ አንዲት እናት ረከቦታቸውን ይዘረጉ ነበር። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ንብረታቸው አምስት በርጩማ፣ ሁለት ድንጋይና አንድ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ነው። የቢራ ሳጥኑ የኔ ነበር፤ በቋሚነት።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰሉን ያያይዛሉ። ቡናው ይታጠባል፤ ብረት ምጣዱ ላይ ይቆላል፤ ጭሱን በየተራ ያስሸቱናል። ይወቀጣል። ጀበናው ይጣዳል፣ ይገነፍላል፣ ይወርዳል፣ አተላው እስኪሰክን ደግሞ ይጠበቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ቸኩዬ ነው የሚል ሰው ቢኖር እትዬ ቀና ብለው ያዩትና «ለሚቸኩል ሰው ማዶ ካፌ አለልህ» ይሉታል። አንድ ሐኪም ወዳጄ «ቡና ልብ ያስመታል እንጂ አያረጋጋም፤ ካፌይኑ ያነቃል፣ እንቅልፍም ይነሳል» ብሎኛል። ልክ ነው። እኔም ካፌይኑ አረጋጋኝ አላልኩም። መጠበቁ ነው ያረጋጋኝ። ቀኑን ሙሉ ደጅ ስትጠብቅ የምትውል ሰው፣ እዚህ ግን የምትጠብቀው ነገር በእርግጠኝነት ይመጣል። (በእውነት የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ጭንቀት በሽታ ሲሆን ጀበና አያድነውም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐኪሙ ወዳጄ አይለቀኝም።)

ደግሞም ሰዎቹ! ከሌሊት ተረኛነት የሚወጣ ዘበኛ አለ፤ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። ሽንኩርቷን አስቀምጣ «አንድ አቦል ብቻ» ብላ በረካውን ሳትጨርስ የማትነሳ የጉልት ነጋዴ አለች። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። መምህር ጋዜጣ ሳይዙ መጥተው አያውቁም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን በፈላበት ዘመን፣ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሳንቲም ጋዜጣ ይከራዩ እንደነበር ያወሩናል። አዟሪው ሰዓት እየቆጠረ «ጋሼ፣ አንብበው ከጨረሱ ይመልሱ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» ይላቸዋል፤ እሳቸውም የመጨረሻውን ገጽ ለነገ ማስቀረት ስላልቻሉ ሁለቴ ይከፍላሉ። ይህንን ሲያወሩ ስለ ፖለቲካው አይደለም የሚያወሩት። ስለ ድንጋዩ ሙቀት፣ ስለ ፀሐዩ፣ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ በነጻ ስለሚያነብባቸው ሰው ነው።

ያን ቀን የሦስት ወር ጽሑፌን ነገርኳቸው። ዘበኛው ሳቀ። «ኧረ ተው! እኔ ሁለት ወር አልተከፈለኝም ብዬ ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ነጋዴዋ «እኔ ደግሞ ዱቤ የሰጠኋቸው ሁሉ ሰፈር ቀየሩ» አለች። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው «በል አቦሉን ጠጣ፤ ቶናው በኔ ነው» አሉኝ። በኋላ እንደሰማሁት ቶናው በሳቸው ሳይሆን በዱቤ ነበር። ችግሬ አልተፈታም፤ ማንም ሊፈታው አልሞከረም። ግን ስነሳ እግሬ ቀሎኝ ነበር።

እንግዲህ ይህችን ነው ሰዎች ስንፍና የሚሏት። አንዱ «ሥራ ፈት ሁሉ ቡና ላይ ተጥዶ ሲያማ ይውላል» ይላል፤ ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ ራሱ ስብሰባ ላይ ሻይ ቡና በነጻ የሚቀርብለት ሰው ነው። ሌላው ደግሞ በየአዳራሹ ስለ ስኬት የሚሰብከው ነው። «የማኪያቶህን ገንዘብ አጠራቅም፣ ሀብታም ትሆናለህ!» እስቲ እናስላው። በ2002 ዓ.ም. ዲፕሎማዬን ስይዝ 5 ብር ገደማ የነበረችው ማኪያቶ፣ አሁን አልፎ አልፎ ጎራ በምልበት ካፌ 60 ብር ገብታለች። በቀን አንድ፣ በወር 1,800 ብር። ይህን ሳልነካ ባስቀምጥ አንድ ሚሊዮን ብር የሚሞላልኝ ከ46 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ 82 ዓመቴ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ብር ስንት ማኪያቶ እንደሚገዛ ለሰባኪው ትቼዋለሁ።

ሦስተኛው ወቃሽ ከራሳችን ወገን ነው፤ እሱ ይበልጥ ያመኛል። «ሕዝቡ በቡናና በኳስ ደንዝዞ ነው እንጂ…» ይላል። ወንድሜ፣ ተሳስተሃል። ሰው የሚደነዝዘው ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ሲብሰለሰል ነው። እትዬ ዘንድ የደነዘዘ ሰው አላየሁም። የስኳር ዋጋ የት ደረሰ፣ የማን ልጅ ታሰረ፣ የትኛው ሰፈር ቀይ ምልክት ተቀባ፣ ሁሉን ከጋዜጣ ቀድሜ የምሰማው እዚያ ነበር። የጽሑፎቼን ግማሽ የለቀምኩት ከቢራ ሳጥኑ ላይ ሆኜ ነው፤ ይህን ዝግጅት ክፍሎቹ አያውቁም።

ለነገሩ ቡና መወቀስ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በምኒልክ ዘመን ነገሩ እስኪላላ ድረስ፣ በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ ቡና ጠጪ በክፉ ዓይን የሚታይ ነበር። ያኔ በሃይማኖት ተከለከለ፤ ዛሬ በኪስ። የአገሪቱ ቡና በ2017 በጀት ዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ለውጭ ገበያ የተመረጠውን ደረጃ ግን አገር ውስጥ መሸጥ ለብዙ ጊዜ ክልክል ሆኖ ቆይቷል። ለኛ የቀረልን ከሱ ያነሰው ነበር። አላማረርንም! ያነሰውንም ተካፍለን እንጠጣ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እትዬ ዶላር አይተው አያውቁም። ግን ከሰሉ ጨመረ፣ ስኳሩ ጨመረ፣ ጥሬ ቡናው ጨመረ። ለሁለት ሳምንት ዋጋ መጨመር አፍረው ሲኒውን ጎደል አድርገው ይቀዱልን ነበር። አላየንም አልን፤ እሳቸውም እንዳላየን እንዳዩ አልነገሩንም። በመጨረሻ መምህር ናቸው «እትዬ፣ 20 ያድርጉትና ይሙሉልን» ያሉት። ሁላችንም እፎይ አልን፤ እሳቸውም።

ዋጋውን እንዲህ ተሻገርነው። ያልተሻገርነው ሌላውን ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ከንፈር መጠጥን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። አንድ ጠዋት ስሄድ አጥሩ የለም፣ የቀበሌ ቤቱ የለም፣ በርጩማዎቹም የሉም። የቆርቆሮ ከለላ ተተክሏል። የቢራ ሳጥኔን ፍርስራሹ ውስጥ አየኋት፤ ገብቼ ላነሳት ፈልጌ ነበር፤ አንድ ደንብ አስከባሪ «ወዲያ!» አለኝ።

መንገዱ አላማረም አልልም። አምሯል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ መብራቱ ያበራል፣ ሰው ልጁን ይዞ ይንሸራሸርበታል፤ ያም አንድ ደስታ ነው፣ አልነፍገውም። የድሮውም ቤት ቢሆን ለአሥር አባወራ አንድ ሽንት ቤት የነበረበት ነው፤ ማንም በናፍቆት አያስጊጠው። ግን በዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ አንዲት እናት ከሰል አያይዛ ጀበና መጣድ አትችልም። ለአበባ ቦታ አለ፣ ለፏፏቴ ቦታ አለ፤ ለአምስት በርጩማ ግን ጠፋ። ዕቅዱን የነደፉት ሰዎች ሲኒ ማጠቢያ ለማስቀመጥ ሁለት ክንድ ቦታ ቢተዉ ከተማዋ ምን ይጎድልባት ነበር? ይህን የምጠይቀው ለነገር አይደለም። ገና ያልፈረሱ ሰፈሮች ስላሉ ነው።

እትዬን ከወራት በኋላ አገኘኋቸው። ከከተማው ዳር፣ ሁለት ታክሲ ተይዞ በሚደረስ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የራሳቸው ሽንት ቤት አላቸው፣ አሳዩኝ። ደስ ብሏቸው በሩን ከፈቱልኝና ወዲያው ጀበናውን አወረዱ። ረከቦቱ አቧራ ለብሶ ነበር። «ምነው እትዬ፣ ቡና ተዉ እንዴ?» ብላቸው «ልጄ፣ ለአንድ ሰው ይፈላል እንዴ?» አሉኝ። ከፊት ለፊታቸው ያለችውን ሴት ጠርተዋት ያውቃሉ፤ «ሥራ አለብኝ» ብላ አልመጣችም። ታችኛው ፎቅ ያሉት ደግሞ የዕጣን ጭስ አስቸገረን ብለዋል። እዚህ ለመሸጥ ቢያስቡም ግቢው ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ሁሉም ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ ይገባል።

ቆሉ፣ ወቀጡ፣ አፈሉ። ሦስቱንም ጠጣሁ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ዘበኛው ደውሎላቸው ያውቃል፤ የጉልቷን ነጋዴ አንድ ቀን መርካቶ አይተዋታል። ስለ መምህር ግን የሚያውቅ ሰው የለም። ስልክ አይወዱም ነበር።

ልሰናበት ስነሳ እትዬ ከትራሳቸው ሥር የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ። የመምህር ሰባት ሲኒ አለበት፤ አንደኛው የኔ ቶና ነው። «ጋዜጣ አይተዉም፤ መቼም አንድ ቀን ይጽፋል ብለው ያንተን ያነባሉ» አሉኝ። «እንግዲያው ጻፍልኝ። ዕዳው ተሰርዟል በልልኝ። ብቻ ይምጡ።»

መምህር፣ መልእክቱን አድርሻለሁ። አድራሻውን ከፈለጉ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ይጠይቁኝ፤ ሰኞ ሰኞ እዚያው ደጅ ላይ ነኝ።